ከጀልባው የወረደው ሰው

ከድሩ በየማለዳው ሞተር ከማስነሣቱ በፊት በመኪናው ዙሪያ ይዞራል። በእጁ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ፌሮ አለ። ከፊት ግራ ጎማ ይጀምርና እስከ ተሳቢው መጨረሻ አንድ በአንድ እየመታ ያዳምጣል። በደንብ የተነፋ ጎማ ጠንከር ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ነፋስ የጎደለው ዱብ ብሎ ይቀራል። "ጎማ አይዋሽም" ይላል ከድሩ። ዞሮ ሲጨርስ ፌሮውን ከወንበሩ ሥር ይከትና "ቢስሚላህ" ብሎ ይወጣል። አዋሽ ውስጥ በዚያ ድምፅ ከእንቅልፋቸው የሚነሡ ጎረቤቶች አሉት፤ አንዱ ባለሱቁ አብዱናሲር ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ከድሩ ፌሮውን ቀስ አድርጎ ነው የሚመታው። አብዱናሲር ድምፁን ሰምቶ በሩን እንዳይከፍት፣ ከፍቶም "አጣራህልኝ?" ብሎ እንዳይጠይቀው።

ከድሩ የባቲ ልጅ ነው። በጎረምሳነቱ ረዳት ሆኖ ወደ አፋር ወረደ፤ ቆይቶ መሪ ጨበጠ፤ አዋሽ ላይ አግብቶ ወለደ፤ አሁን ጢሙ ግማሹ ነጭ ነው። የሚነዳው መኪና የራሱ አይደለም። ባለቤቱ ትግሉ የሚባል የሰመራ ነዋሪ ነው። ትግሉ ብዙ ነገር ያልፋል፤ ዕቃ ቢሰበር ያልፋል፣ መንገድ ላይ ቢቆይ ያልፋል። ሾፌር መኪናውን ጥሎ ሄደ ሲባል ግን አያልፍም። በዚህ ምክንያት ቁልፍ የተቀበላቸውን ሾፌሮች ከድሩ በስም ያውቃቸዋል።

ከድሩ የሚኮራባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው አደራ ነው። ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ድረስ ለሰው ዘመድ የሚላከውን በሶና በርበሬ፣ መድኃኒትና ልብስ ያደርሳል፤ አንድም ቀን ጎደለ ተብሎ አያውቅም። ሁለተኛው ዳጉ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታው በኋላ አረፍ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ይህን ዳጉ ይሉታል። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባላል። ያየኸው ከሰማኸው ተለይቶ ይነገራል፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስለትም። የሰማው ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው እንደዚያው ያስተላልፋል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ የት ጠብ እንደተነሣ፣ የማን ግመል እንደጠፋ በዚህ መንገድ ይታወቃል። ከድሩ ቋንቋውን እየኮለተፈም ቢሆን ይህን ወግ ለመደ። ከሰመራ አጠገብ ባለችው ሎጊያ ሻይ ቤት ሲገባ የግመል ደላላው መሀመድአሚን ከሩቅ "ከድሩ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት!" ሲል ደረቱ ነፋ ይላል። መጤ ሆኖ ዳጉ ላይ መታመን ለማንም የሚሰጥ ክብር አይደለም።

የአብዱናሲር ልጅ ሙስሊማ ጅቡቲ ትማራለች። የትምህርት ዕድል አግኝታ ስትሄድ እናቷ አሪፋ ያለቀሰችው ከድሩ ትከሻ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ "አንተ ስላለህ ነው የምልካት" አለችው። ከዚያ ወዲህ የአሪፋን ቋጠሮ የሚያደርሰው እሱ ነው። መኪናውን ከከተማው ውጭ ባለው ማቆሚያ፣ ሾፌሮች ፒኬ አሥራ ሁለት በሚሉት ቦታ፣ ያቆምና ይደውልላታል። እሷም በሚኒባስ መጥታ ቋጠሮውን ትቀበላለች፤ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብላ የቤቱን ወሬ ታስወራዋለች።

አንድ ቀን ግን ጠያቂዋ እሷ ሆነች።

"ጋሽ ከድሩ፣ ጅቡቲ መመላለስ ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?"

"አንቺ ሳትወለጂ።"

"ባሕር ውስጥ እግርዎን ነክረው ያውቃሉ?"

"ምን ቆርጦኝ? ጭነቴ ያለው የብስ ላይ ነው።"

ሙስሊማ ሣቀች። ነገሩ ግን እውነት ነበር። የዚህ መንገድ ሾፌር ጅቡቲ ማለት ሙቀት፣ አቧራ፣ ወረፋና ካርቶን ዘርግቶ መኪና ሥር መተኛት ነው። ባሕሩ ከክሬኖቹ ኋላ ብልጭ የሚል ሰማያዊ ነገር ነው፤ ማንም ወርዶ አያየውም። ሙስሊማ ግን አይታዋለች። እዚያ ዓርብ ትምህርት የለም። ከክፍሏ ሴቶች ጋር ዓርብ ዓርብ የባሕሩን ዳር ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ አርታ ሄደው ዓሣ እየጠበሱ ዋሉ። አንድ ጊዜ ኦቦክ ድረስ ሄደው ጀልባ አምልጧቸው የጓደኛቸው አክስት ቤት አደሩ። ከሁሉም የወደደችው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለውን ታጁራን ነው፤ ነጫጭ ቤቶች፣ ብዙ መስጊዶች፣ ከበስተኋላው ተራራ። ስትናገር እጆቿ አያርፉም ነበር።

"ለቤት ዓርብ ዓርብ አጠናለሁ ነው የምላቸው" አለችው። "አባዬ ውኃ ይፈራል። አዋሽ ወንዝ ሰው ሲወስድ አይቷል። ጀልባ ላይ ወጣሁ ብለው እንቅልፍ አይወስደውም። አደራዎን ጋሽ ከድሩ።"

"በአላህ ይሁንብኝ።"

"እንግዲያው ነገ እርስዎም ይምጡ። ታጁራ ጁምዓ ሰግደው ይመለሳሉ።"

በዚያ ጉዞ ከድሩ ረዳት አልነበረውም፤ ረዳቱ ለሠርግ አገሩ ገብቶ ነበር። መኪናውን የሚጠብቅ፣ የጭነት ተራ ቢጠራ የሚያንቀሳቅስ ሰው የለም ማለት ነው። ይህን እያወቀ ሄደ። ከመሄዱ በፊት እሱም በተራው "አደራሽን፣ ትግሉ ከሰማ ቁልፌን ይቀበለኛል" አላት። ሙስሊማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ጀልባው ላይ ሳሉ ማዕበል መጣ። እስከ ድንበሩ ገላፊ ድረስ ያለውን መንገድ በእንቅልፍ ልቡ የሚነዳው ከድሩ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ዱዓ ያደርግ ጀመር። የሙስሊማ ጓደኞች እንዳያፍር ፊታቸውን አዞሩለት። ታጁራ ሲደርሱ ብቻውን መውረድ አቃተው፤ ሙስሊማ እጁን ይዛ እንደ ሕፃን አወረደችው። ጁምዓ ሰገደ። ከሰላት በኋላ ሱሪውን ጠቅልሎ እግሩን ነከረ። ውኃው ሞቅ ያለ ነበር፤ ጨውነቱን በጣቱ ቀምሶ ቆመ። ሲጠሩት አልሰማም፤ ሁለተኛም ጠሩት።

ሲመለስ ተራው አልፎ ነበር። እንደገና ወረፋ ያዘ። ለትግሉ ስልክ ደውሎ "ወደቡ ተጨናንቋል" አለው፤ ትግሉም አመነ።

ችግሩ የመጣው ሎጊያ ላይ ነው። ከድሩ ጭኖ ገላፊን አለፈ፤ ሰመራን አለፈ፤ ሎጊያ ሲደርስ የተሳቢው ፍሬን አስቸግሮት ጋራዥ ገባ። እስኪሠራ ድረስ ሻይ ቤት ተቀመጠ። መሀመድአሚን ነበር፤ ሌሎችም ነበሩ። ሰላምታው አለቀና ዳጉ ተጠየቀ። ከድሩ መንገዱን ተናገረ። ዲኪል ላይ የጣለውን ዝናብ ተናገረ። ሰዎቹ ገና ይጠብቁ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ያ ሁሉ ባሕር አለ። "እኔ ባሕር ገባሁ" ለማለት አንደበቱ ድረስ መጣ። እንዳይል፣ የትግሉ ወንድም ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ ሩዝ እየበላ ነው። ከድሩ ባሕሩን መናገር ፈለገ፤ ራሱን ግን ከባሕሩ ማውጣት ነበረበት።

"የአዋሹን አብዱናሲርን ታውቁታላችሁ" አለ። "ልጁ ጅቡቲ ትማራለች። ዓርብ ዓርብ በጀልባ ትሻገራለች፤ ይህን ከአፏ ሰማሁ። ታጁራ ላይ ከአንድ ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ከጀልባ ስትወርድ አየሁ።"

"ሰውየው ማነው?" አለ መሀመድአሚን።

"አንድ ሰው ነው።"

ከዚያ ስለ ታጁራ መስጊዶች፣ ስለ ውኃው ቀለም ብዙ አወራ። ሰዎቹ በጥሞና አዳመጡት። ከድሩ በዚያች ሰዓት ደስ ብሎት ነበር፤ በኋላ ሲያስበው የሚያንገበግበው አንዱ ነገር ይኸው ነው። አንድም ቃል አልዋሸም። ያየውን አየሁ አለ፤ የሰማውን ሰማሁ አለ። የቀነሰው ራሱን ብቻ ነበር።

ፍሬኑ ሲሠራ ከድሩ ሎጊያ አደረ። ወሬው አላደረም።

አዋሽ ሲገባ አብዱናሲር ከሱቁ ወጥቶ መንገድ ላይ ጠበቀው። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ገዋኔ ከተማ ያለ ደንበኛው ደውሎ ነግሮታል፤ ያ ደግሞ ሚሌ ከተማ ካለ ሰው ሰምቷል። ከሎጊያ መነሣቱ እንጂ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። በተቀባበሉት አፎች ሁሉ "አንድ ሰው" ሳይለወጥ መድረሱ ከድሩን አስደነገጠው። ቢጨማመርበት ኖሮ ውሸት ነው ማለት ይችል ነበር።

"ለወሰነ ትምህርት ዕረፍት ነገ ትመጣለች" አለው አብዱናሲር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አትመለስም። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ አትመለስም። ምዝገባው ይዘጋ እንደሆነ ይዘጋ። ወንድሜ፣ አንተ መንገደኛ ነህ፤ ካንተ የማምነው የለኝም። ሰውየውን አጣራልኝ።"

ከድሩ እዚያው መናገር ይችል ነበር። አፉን ከፈተ።

"እሺ፣ አጣራለሁ" አለ።

በማግሥቱ ሙስሊማ መጣች። ከድሩ ቤቱ ተቀምጦ የሚሆነውን ይጠብቅ ጀመር። ልጅቷ በአንድ ቃል ነገሩን ልትጨርሰው ትችላለች፤ "ጋሽ ከድሩ ነው" ትላለች፣ አለቀ። ግማሽ ልቡ እንድትል ይመኝ ነበር። እሷ ግን አላለችም። አሪፋ ለከድሩ ሚስት እያለቀሰች የነገረቻት ይህን ነው፤ ልጅቷ ባሕር መሄዷን አመነች፣ መዋሸቷን አመነች፣ ይቅርታ ጠየቀች፤ ስለ ሰውየው ሲጠይቋት ግን "ክፉ ነገር የለበትም" ትልና አፏን ትዘጋለች።

ከድሩ ቀጣዩ ጭነት ሲመጣለት ለሽሽት ያህል ፈጥኖ ተነሣ። ሎጊያ ግን ሊያልፋት የማይችላት ከተማ ናት። መሀመድአሚን ሻይ ቤቱ በር ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘው።

"የአብዱናሲር ልጅ ከትምህርቷ ቀረች አሉ" አለ ከድሩ፣ እንደ ባዕድ ወሬ። "ሰው ሲያወራ ይጨምራል።"

መሀመድአሚን ቀና ብሎ አየው። "አንተ 'አንድ ሰው' አልከኝ። እኔም 'አንድ ሰው' አልኩ። ጨመርኩ?"

"አልጨመርክም።"

"ቀነስኩ?"

"አልቀነስክም።"

"የእኔ ጥፋት አንድ ናት" አለ መሀመድአሚን። "የት ቆመህ እንዳየህ አልጠየቅሁህም። ጀልባዋ ታጁራ ናት፤ መኪናህ ጅቡቲ ነው። አንተ የት ነበርክ?"

ከድሩ ሻዩን አዘዘ፤ ሳይጠጣው ተነሣ። በዚያ ጉዞ ጅቡቲ ወደብ ተራውን ጠብቆ ጫነ፤ ወደ ባሕሩ በኩል ቀና ብሎ አላየም። የሚያደርሰው የአሪፋ ቋጠሮም አልነበረም።

አዋሽ ሲመለስ በአባቷ ሱቅ በር ላይ ያገኘው ሙስሊማን ነው። የማካሮኒ ካርቶን ታወርድ ነበር። ካርቶኑን አቀበላት፤ ግራ ቀኙን አየ።

"ለምን አልነገርሻቸውም?" አላት።

"ምኑን?"

"እኔ መሆኔን።"

ፊቷ ላይ ቁጣ ቢያይ ይሻለው ነበር።

"አደራሽን አላሉኝም እንዴ?" አለች። "ቁልፌን ይቀበለኛል አላሉም? እኔማ መጀመሪያ ላይ ማን ነው የተናገረው እያልኩ ጓደኞቼን እጠረጥር ነበር። ስለ ውኃው ቀለም ሎጊያ ላይ የተወራውን አባዬ ሲነግረኝ ነው ማን እንደሆነ የገባኝ። 'ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ መሐሉ ጥቁር' ብለው ነበር፣ ያን ዕለት፣ እግርዎን ነክረው።"

ከድሩ ሌላ ካርቶን አንሥቶ አቀበላት።

"ምዝገባው መቼ ነው የሚዘጋው?" አላት።

"ሰኞ።"

ከዐስር ሰላት በኋላ ከድሩ ሱቁ ገባ። አብዱናሲር ሚዛኑ አጠገብ፣ አሪፋ በርጩማ ላይ ነበሩ። እንደ ልማዱ "ጎረቤቴ፣ ግባ ግባ!" ተባለ፤ የሚቀመጥበት ተጠረገለት። አልተቀመጠም።

"አጣራሁልህ" አለ።

አብዱናሲር እጁን ከሚዛኑ ላይ አነሣ። "ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ ምን?"

"ሰውየው። ከጀልባው የወረደው። እኔ ነኝ።"

አሪፋ "አስተግፊሩላህ!" አለች። አብዱናሲር ገና አልገባውም ነበር። "እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የተባለው" አለ።

"እሷ ናት የያዘችኝ። ማዕበሉ አስፈርቶኝ መውረድ አቅቶኝ ነው።"

አሪፋ ሻርፗን አፏ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሣቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም። "ይህን ሁሉ ተሳቢ እየጎተተ የማይፈራው ከድሩ!" አለች ከሻርፑ ሥር። አብዱናሲር ግን አልሣቀም።

"አጣራልኝ ስልህ 'እሺ' ብለኸኝ ነበር" አለ። "ዓይኔን እያየህ። ልጄ ማታ ማታ ስታለቅስ ግድግዳ ለግድግዳ እየሰማህ።"

"አዎ።"

"ዓርብ ዓርብ መሄዷንስ ማን አወራ?"

"እኔ። አደራ ብላኝ ነበር።"

ሙስሊማ ከጓዳው በር ቆማ ነበር። "እሱስ እውነት ነው አባዬ" አለች። "የዋሸሁህ እኔ ነኝ። ብነግርህ ትከለክለኝ ነበር።"

"እከለክልሽ ነበር" አለ አብዱናሲር። የሚዛኑን ሰሃን በጣቱ አዞረና ወደ ከድሩ ተመለሰ። "ለእኔ መንገርህ ጥሩ ነው። ግን ገዋኔ ያለው ሰው ምን ሰማ? ሚሌ ያለውስ? ወሬው በመጣበት መንገድ ይመለስ።"

ከድሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባው። የመጣበት መንገድ የሚጀምረው ሎጊያ ሻይ ቤት ነው፤ እዚያ የተባለ ነገር ደግሞ ሰመራ፣ ትግሉ ጆሮ፣ ሳይውል ሳያድር ይገባል።

በማግሥቱ ጎማዎቹን እንደ ድሮው ጠንከር አድርጎ መታቸው። አብዱናሲር በሩን አልከፈተም።

ሎጊያ ሻይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። የትግሉ ወንድምም አለ። ከድሩ ሰላምታውን ጨርሶ፣ ሳይጠየቅ፣ "ዳጉ አለኝ" አለ። መሀመድአሚን ሰዎቹን በእጁ ዝም አሰኘና ያን ጊዜ ያልጠየቀውን ጠየቀ።

"የት ቆመህ ያየኸውን?"

"አልቆምኩም። ጀልባው ውስጥ ነበርኩ። የአብዱናሲር ልጅ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ ባሕር አሳየችኝ። ስፈራ እጄን ይዛ አወረደችኝ። መኪናዬን ጥዬ ነው የሄድኩት፤ ተራዬም አልፎኛል። 'አንድ ሰው' ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ይህን ለነገራችኋቸው ሁሉ ንገሩ።"

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሾፌር "ኧረ ከድሩ፣ በል ዋና አስተምረን!" ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። መሀመድአሚን አልሣቀም። የሰማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአፋርኛ ደገመው፤ ከድሩም እያንዳንዱን ቃል ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መሀመድአሚን ተነሥቶ ወደ ገዋኔ የሚሄድ ሰው ፍለጋ ወጣ።

የትግሉ ስልክ የመጣው ሻዩ ሳይበርድ ነው። አልተቆጣም። "ቁልፉን ለምስክር ስጥ" ብቻ አለ። ምስክር ሎጊያ ያረፈ የትግሉ ሌላው ሾፌር ነው። ከድሩ ከጋቢናው መስገጃውንና ከወንበሩ ሥር ፌሮውን አወጣ፤ ቁልፉን አስረከበና በሚኒባስ ወደ አዋሽ ተመለሰ።

አብዱናሲር ሰላምታ አልነሣውም። "አሰላሙ ዐለይኩም" ሲለው ይመልሳል፤ ግን ሱቁ ሲገባ ቦታ አይጠርግለትም፤ ከድሩም ቆሞ የሚገዛውን ገዝቶ ይወጣል። ገዋኔ ያለው ደንበኛ ደውሎ አዲሱን ወሬ እንደ አሮጌው ሳያጓድል ነግሮታል። ሙስሊማ ጓዳ ውስጥ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አሪፋ ሁለት ቋጠሮ በሶ አሰናድታ፣ ማን እንደሚያደርሰው ግራ ገብቷት ቆየች፤ ኋላ ላይ ሁለቱንም እዚያው ሻንጣ ውስጥ ከተተቻቸው።

ሙስሊማ ነገ ለምዝገባው ወደ ጅቡቲ ትነሣለች። የሚያደርሳት አብዱናሲር ራሱ ነው፤ ሱቁን ለአሪፋ ትቶ እስከ ዓርብ፣ እስከ ጀልባዋ ቀን፣ እዚያው ይቆያል።